የማያውቁት አገር ይናፍቃል

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚል ተረት አለ። ተረቱን የተናገረው ሰው ቴሌግራም አልነበረውም።

እንጅባራ ብርድ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ክረምት ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰው ተጠቃሎ ቤቱ ይገባል። አንድ ጎረምሳ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ስክሪኑ ላይ «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ልጅቷ አዳማ ነኝ ብላዋለች። አይቷት አያውቅም። ያለው ነገር ሦስት ፎቶ፣ አሥራ አራት ሰከንድ የድምፅ መልእክት እና አንድ ዩዘርኔም ነው። የድምፅ መልእክቷን ስንት ጊዜ እንደሰማው እሱ ራሱ አይነግርም፤ ያፍራል። ይህ ጎረምሳ አንድ የተለየ ሰው አይደለም። ዳንግላም አለ፣ አዲስ ቅዳምም አለ፣ ቻግኒም አለ፤ ሴትም ወንድም ነው። ወጣቱ ለስሜቱ ስም አውጥቶለታል፤ «ክራሽ» ይለዋል። ስም ወጣለት እንጂ ዘፈን አልወጣለትም። አዊ ውስጥ ከአንድ ላፕቶፕና ከአንድ መኝታ ቤት የተነሣ፣ ይህንን ፍቅር ከመጀመሪያው «ሰላም ነው?» እስከ መጨረሻው ዝምታ የሚተርክ አልበም እስካሁን ጎልቶ አልተሰማም። እንዲህ ዓይነት አልበም ቢወጣ የሚስቁት ብዙ ናቸው። ሳቁ ግን ቦታው አይደለም፤ ምክንያቱም ይህ ፍቅር በዚህ አካባቢ ከሳቅ በላይ የሆነ ነገር ደርሶበታል።

ሌላው ዓለም ለዚህ ስሜት የሙዚቃ ዓይነት ሠርቶለታል። ሃይፐርፖፕ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። የዘፋኙ ድምፅ በማሽን ተገፍቶ እንደ ሕፃን ይቀጥናል፤ ቤዙ ስፒከሩን ሊቀደው ይደርሳል፤ ዜማው ገና መጣፈጥ ሲጀምር ይቆረጥና ሌላ ነገር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሞላ አልሞላ ሲባል ያልቃል። መሠረቱን ከጣሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 ኤ.ጂ. ኩክ ለንደን ላይ ያቋቋመው ፒሲ ሚዩዚክ እና ሶፊ በሚል ስም የምትታወቀው ስኮትላንዳዊት ፕሮዲውሰር ይገኙበታል። ስሙን ያስፋፋው ግን ሬዲዮም ሐያሲም ሳይሆን ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ስም የከፈተው የዘፈን ዝርዝር ነው፤ ከሙዚቀኞቹ ብዙዎቹ ስሙን አይወዱትም። በዚያው ዓመት የወጣውን «1000 ጌክስ» የተባለ አልበም ሁለት ሰዎች አንዱ ሎስ አንጀለስ፣ ሌላዋ ቺካጎ ሆነው ፋይል እየተላላኩ ሠሩት። ሙዚቃው ራሱ የተወለደው በተራራቁ ሰዎች መካከል በሚመላለስ መልእክት ነው ማለት ነው።

ለአዊ ወጣት ከሁሉም የሚቀርበው ግን የግሌቭ ታሪክ ነው። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። የሚኖረው ሄንደርሰንቪል በምትባል፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል በምትገኝ፣ በሕዝብ ብዛት ከእንጅባራ በማትበልጥ ከተማ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ዘፈን እየሠራ ሳውንድክላውድ ላይ ጫነ። ኤሪክዶኣ ከተባለ ሌላ ወጣት ጋር በኢንተርኔት ተዋውቆ በ2021 የጋራ ሥራ አወጣ። ትልቅ ከተማ አላስፈለገውም፤ ስቱዲዮ አልተከራየም። ማይክራፎን፣ ኮምፒውተርና ያልተቋረጠ መስመር ነበረው። ከሦስቱ ውስጥ ሦስተኛውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

«እነሱ ፈረንጆች ናቸው» የሚል መልስ እዚህ ላይ ይመጣል። መልሱ ቀላል ነው። አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዊክንድ ብሎ የሚያውቀው፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በአያቱ አማርኛ ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ሦስት ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ፊት የለ፣ ታሪክ የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ። በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» የተባለውን ሥራ በነፃ ለቀቀው። ሰዉ መጀመሪያ የወደደው ድምፅ ነው፤ ሰውዬውን ያወቀው በኋላ ነው። ሙዚቃው ሃይፐርፖፕ አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው የክራሽ መንገድ ነው።

ከዚያም ይልቅ የሚቀርብ አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የድራም ማሽኑን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ አንድ ካሴት ቀዳ። አንድ ሰው፣ ጥቂት ማሽን፣ ሩቅ አገር። ካሴቱ ኢትዮጵያ መጥቶ ተሸጠ፤ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉም ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከኮፈን አውጥቶ በባትሪ እየተለማመደ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ያገኘው የት ነው? ባሕር ዳር። ከዳንግላ በሚኒባስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመና ሽማግሌው ሙዚቀኛ ከታክሲ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እንግዲህ «ብቻውን ከማሽን ጋር ቤት ዘግቶ የሚሠራ ሰው ሙዚቀኛ አይባልም» የሚል ካለ፣ ያንን ካሴት ሱቃቸው ውስጥ ሳያውቁት ሲያቆዩ የነበሩትን የባሕር ዳር ሰዎች ይጠይቅ።

ወደ ተረቱ እንመለስ። ያላዩትን መውደድ የዘመኑ ልጆች ቅብጠት ነው የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ጎጃም ውስጥ የስንቱ ቤት አያት ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሠርጓ ቀን ነው? ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ፣ ዘር ተጠይቆ ሁሉም ነገር ሲያልቅ ሁለቱ ሰዎች ገና አልተያዩም። እሷ ስለ እሱ የምታውቀው ስሙን፣ የአባቱን ስምና የበሬውን ቁጥር ነው። የዛሬው ልጅ ስለ ልጅቷ የሚያውቀው ከዚያ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ምን እንደሚያስቃት ያውቃል፣ ከእናቷ ጋር ለምን እንደተኳረፈች ያውቃል፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚነሣት ያውቃል። ልዩነቱ ያኔ ላልታየው ሰው የሚሰጡት ሌሎች ነበሩ፤ አሁን ልብ በራሱ ይሄዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ እንኳ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለትምህርት አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የቆመው የዘር አጥር ነበር። በእንጅባራው ልጅና በአዳማዋ ልጅ መካከል የቆመው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እንደርሳለን።

ማታለልስ? አለ እንጂ። የሌላ ሴት ፎቶ ለጥፎ «ካርድ ሙላልኝ» የሚል ጢማም ጎረምሳ አለ። አራት ወር ሙሉ «የኔ ቆንጆ» ስትባል ከርማ ሰውዬው ባለትዳር መሆኑን በስክሪንሾት የተረዳች ልጅ አለች። ይህም ቢሆን የዘፈን ጉዳይ ነው። ስለ ከዳተኛ ወዳጅ ያልዘፈነ የአማርኛ ዘፋኝ አለ ወይ? ካሴት ሙሉ ክህደት ሲዘፈን የኖረበት አገር፣ ክህደቱ በዋይፋይ ሲመጣ ለምን ነውር ይሆናል?

ከባድ የሚባለው ተቃውሞ የድምፁ ነው። «ይህ በማሽን የታሸ ድምፅ ስሜት የለውም፤ ማሲንቆና ክራር እያለ» ይባላል። የድምፅ ማረሚያው ማሽን ታሪክ ራሱ ትንሽ ያስቃል፤ ኦቶ-ቱንን የፈለሰፈው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ ከመሬት በታች የሚመለስን የድምፅ ሞገድ ሲተነትን የኖረ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሶፍትዌሩን አወጣ፤ በዓመቱ ሼር የተባለችው ዘፋኝ አጋንና ተጠቀመችበትና ዓለም ሁሉ ሰማው። ነዳጅ መፈለጊያው ልብ መፈለጊያ ሆነ።

አሁን ግን የምር ጥያቄ ይጠየቅ። የእንጅባራው ልጅ የልጅቷን ድምፅ የሚያውቀው በምንድን ነው? በስልክ ስፒከር። ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ መስመሩ ሲደክም እንደ ቆርቆሮ ጮኾ፣ አንዳንዴም ቸኩሎ በአንድ ተኩል ፍጥነት አስሮጦ ነው የሰማት። በሕይወቱ ያልታሸ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም። ለዚህ ሰው በማሽን የቀጠነና የተቆራረጠ ድምፅ ውሸት አይደለም፤ እውነተኛው ድምፅዋ እሱ ነው። ማሲንቆ ለዚህ ፍቅር ቢዘፍን ያምራል፤ ግን የሌላ ሰው ፍቅር ይመስላል። ትዝታ ያለፈውን ያስታውሳል፤ ክራሽ ግን ያላለፈውን፣ ገና ያልሆነውን፣ ምናልባትም የማይሆነውን ነው የሚያስታውሰው። «በቅርቡ ታይታለች» የሚለውን የቴሌግራም ጽሑፍ በአምባሰል ቅኝት ማዜም ይቻላል፤ የጣት መንቀጥቀጡን ግን የሚይዘው የሚንቀጠቀጥ ቤዝ ነው።

አዊኛ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። አዊኛ ቶን ያለው ቋንቋ ነው፤ የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት በንግግሩ ውስጥ ሥራ አለው። ሃይፐርፖፕ ደግሞ ሥራው ሁሉ ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ማሽኑ ቃሉን ያበላሸዋል ወይስ ቋንቋው ማሽኑን ይገራዋል? ይህን የሚመልሰው የቋንቋ ምሁር ሳይሆን ሌሊት ሄድፎን አድርጎ የሚሞክር የእንጅባራ ልጅ ነው። ችግሩ ልጁ ለወደዳት ሰው በአዊኛ መልእክት ሊጽፍ ሲነሣም ይጀምራል። የቋንቋው ስም ራሱ በባለቤቶቹ አጻጻፍ «አውጚ» ነው፤ ያቺ «ጚ» ደግሞ በተለመደው የስልክ ኪቦርድ ላይ ፈልገው የሚያገኟት እንጂ ለጣት የምትቀርብ ፊደል አይደለችም። ስለዚህ በአማርኛ ይጽፋል፤ ወይም በላቲን ፊደል ያንጋድደዋል። ሲቆጣና ሲናፍቅ ግን በአፍ መፍቻው ነው። የመጀመሪያው የአዊኛ ክራሽ አልበም ከዚህ ቢጀምር አያንሰውም።

አገሪቱ ለኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአገር ቤት ድምፅን ከኮምፒውተር ጋር አዋሕደው ዋሽንግተን በሚገኝ ትንሽ አሳታሚ በኩል ለዓለም አሰምተዋል። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነፀብራቅ»ን ሲያወጣ ደግሞ የኮምፒውተር ሙዚቃ የአዲስ አበባ ክለብ ብቻ ንብረት እንዳልሆነ ታየ። ካስማሰ ከዚያ በኋላ «ማለዳ»ን ይዞ መጣ። የእነዚህ ሁሉ መነሻ ግን አዲስ አበባ ናት። ከአዊ የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ካሜራ ይመጣል፣ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ፈረሱ አጊጦ ይጋልባል፣ አድዋ ይወሳል። ያምራል፤ የሚያምር ነገር ነውና ይቀጥል። ነገር ግን ከአዊ ወጣት የሚፈለገው ባህል በዚያች ቀን ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ብቻ የሚታየው ከሆነ፣ ከፈረሱ ወርዶ ማታ ቤቱ ሲገባ ስልኩን አውጥቶ የሚያደርገው ነገር የማን ባህል ይባላል? ያንኑ ቀን የተነሣውን ፎቶ፣ ፈረሱ ላይ ሆኖ የተነሣውን፣ መጀመሪያ ለማን እንደሚልከው የሚጠይቅ ጋዜጠኛ የለም።

መሥሪያው አለ። እጅ በእጅ የተቀባበለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ክራክ የተደረገ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ይጫናል፤ ላፕቶፕ የሌለው ስልኩ ላይ ባንድላብ ያወርዳል። ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ማስተጋባቱን ይቀንሳል፤ እንጅባራ ደግሞ ብርድ ልብስ አይጠፋም። ሽያጩ ላይ ችግር አለ፤ ከውጭ ገንዘብ መቀበል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምሩ የተነሡት ከዚሁ ነበር፤ ሰው ዘፈን በስልኩ ካርድ እንዲገዛ። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። ሦስት ደቂቃ ዘፈን በጥሩ ጥራት ሠላሳ ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያ ሠላሳ ሜጋባይት ከእንጅባራ መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ ነው ሳቁ የሚያቆመው።

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። አምስት ወር ቆየ። ሰዉ ቪፒኤን ተማረ፤ ያልተማረ ተቀመጠ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ገደቡ ተነሣ። የአማራ ክልል ወጣት ከዚያ በኋላ በነፃነት የተጠቀመበት ጊዜ ሦስት ሳምንት አይሞላም። በሐምሌ መጨረሻ ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአብዛኛው ክልል የሞባይል ዳታ አልነበረም። መስመር ያለው ቢሮ ወይም ሆቴል ያገኘ አገኘ። ያላገኘ ዘፈኑን በፍላሽና በዜንደር ተቀባበለ፤ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሚሞሪውን አስጫነ፤ ለወዳጁ የሚልከው ቃል ግን በፍላሽ አይሄድም። ዳንግላ ከዓለም ተቆርጣ የኖረች ከተማ አይደለችም፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀምጦባት ነበር፣ ቆንስሉ ቺዝማን ጣና ሐይቅንና ዓባይን የዞረው ከዚያ እየተነሣ ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤ ቢዘገይም ይሄድ ነበር።

ሰው በሚሞትበት፣ ትምህርት በሚዘጋበት፣ መንገድ በሚቆረጥበት ጊዜ ስለ ክራሽ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ከሞት ጋር የሚወዳደር ነገር የለም። ማንም አያወዳድርም። ነገር ግን ስለ መቋረጡ ሲጻፍ የሚቆጠረው የባንክ አገልግሎት፣ የንግድ ኪሳራና የዜና መረጃ ነው። እነዚህ ጠበቃ አላቸው። የእንጅባራው ልጅና የአዳማዋ ልጅ ጠበቃ የላቸውም። አቤቱታ የሚያቀርቡበት መሥሪያ ቤት የለም፤ «ፍቅሬ ተቋረጠ» የሚል ፎርም አይሞላም። ለቤተሰብ አይነገርም፤ ቤተሰብ ስለ ልጅቷ አያውቅም። ለጓደኛ ቢነገር ያስቃል። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚይዘው ዘፈን ብቻ ነው፤ ዘፈን የተፈጠረውም በሌላ መንገድ ለማይነገር ነገር ነው።

የሆነውን ነገር በአዳማዋ ልጅ በኩል ማየት ይጠቅማል። ስልክ አይደወልም ነበር ወይ? የድምፅ ጥሪ በሚሠራባቸው ቀኖች ይደወል ነበር። ግን የተለዋወጡት ዩዘርኔም እንጂ ስልክ ቁጥር አልነበረም፤ ቁጥር መጠየቅ ገና ያልደረሱበት ደረጃ ነው፣ እሱም ፈርቶ ለመስከረም አሳድሮታል። ዜና ስትሰማ አልገባትም? የአማራ ክልል መስመር መቋረጡን ሰምታ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ «አዲስ አበባ ነኝ» ብሏታል። ከእንጅባራ ነኝ ማለት አሳፍሮት ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ የበለጠ የሚወደድ መስሎት ነው። ትንሽ ውሸት፣ ማንም ወጣት የሚዋሻት። ያቺ ውሸት ናት በመጨረሻ የበላችው። አዲስ አበባ መስመር አለ፤ እሱ ግን ዝም ብሏል። ከዚህ ምን ትረዳለች?

ቴሌግራም ደግሞ ይረዳታል፤ በተሳሳተ መንገድ። የላከችው መልእክት አጠገብ አንድ ምልክት ብቻ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው አይመጣም። የገባበትን ሰዓት ለደበቀ ሰው መጀመሪያ «በቅርቡ ታይቷል» ይላል። ከዚያ «በሳምንት ውስጥ»። ከዚያ «በወር ውስጥ»። ከዚያ «ከረጅም ጊዜ በፊት»። ሰው ሲያግድህ የሚታየውም ያው ነው፤ አንድ ምልክት፣ «ከረጅም ጊዜ በፊት»። ክልል ሲዘጋና ልብ ሲዘጋ ስክሪን ላይ ልዩነት የላቸውም። ልጅቷ መንግሥት መስመር ቆረጠ አላለችም፤ ጠላኝ አለች። በኅዳር አንድ ረጅም መልእክት ጻፈች፣ አጠፋችው፣ አጠር አድርጋ ጻፈች። ምላሽ የለም። ልጁ በዚያው ሰዓት እንጅባራ ላይ ስልኩን ከፍቶ፣ ዳታ እንደሌለ እያወቀ፣ የድሮውን ውይይት ወደ ላይ እየጎተተ ያነብባል። የተቀመጠችው የአሥራ አራት ሰከንድ የድምፅ መልእክት ያለ ኢንተርኔትም ትከፈታለች። አልበሙ እዚህ ላይ ቢጀምር፣ ያቺን ድምፅ ቆርጦ፣ ደጋግሞ፣ አቅጥኖ፣ ቤዝ ከሥሯ አስገብቶ፣ ማንም «ማሽን ስሜት የለውም» ሊል አይችልም ነበር። ያንን መሥራት ለሚችል ሰው ጥሬ ዕቃው በየስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። አዊ ውስጥ፣ ጎጃም ውስጥ፣ ወሎና ጎንደር ውስጥ እንዲህ የተቀመጡ የድምፅ መልእክቶች ስንት ይሆናሉ? ትግራይም ሁለት ዓመት ገደማ በቆየው መቋረጥ ውስጥ የራሷ አላት።

አንድ ነገር ቀርቷል። በዚያን ጊዜ በነበረው የቴሌግራም ደንብ፣ ባለቤቱ ቅንብሩን ካልቀየረው በቀር፣ ስድስት ወር ሙሉ ያልገባበት አካውንት በራሱ ይሰረዝ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ስድስት ወር ቢቆጠር ጥር 2016 ላይ ይደርሳል፤ የፈረሰኞቹ በዓል ወር። ዋይፋይ ያላገኘው የእንጅባራ ልጅ ምንም ሳያደርግ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ከልጅቷ ስልክ ላይ ወጣ። ስሙ የነበረበት ቦታ «የተሰረዘ አካውንት» የሚል ጽሑፍ ተተካ፤ ፎቶው የነበረበት ክብ ውስጥ አንዲት ትንሽ የመንፈስ ሥዕል ተቀመጠች። መስመር ሲመለስ አዲስ አካውንት ከፈተ። ዩዘርኔሟን ከልቡ ያውቀዋል። ጽፎ ሲፈልጋት አገኛት፤ ፎቶዋን ቀይራለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። «ሰላም ነው?» ብሎ ጻፈላት።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አለችው።